ቡና በዓመት፥ ኪራይ በወር

(የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)





በዚህ የደስታ ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እናሰማ ዘንድ ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ስለ ምን እንናገር ብለን በተመካከርን ጊዜ አንዳንዶቻችን ስለ ትምህርት ጥቅም ይሁን ብለን ነበር። ነገር ግን ስለ ትምህርት ጥቅም በየዓመቱ ተነግሯል። ደግሞም ወላጆቻችን ጥቅሙን ባያውቁት ኖሮ ከሼይ ቤንች፥ ከሼኮ፥ ከጉራፈርዳና ከደቡብ ቤንች በጭቃ መንገድ ወደ ሚዛን ባልላኩንም ነበር። ስለዚህ በመማሪያ መጽሐፍ ያልተጻፈ ነገር መረጥን። ይኸውም ከገጠር የመጣ ተማሪ በከተማ የት ያድራል? የሚያድርበትንስ ቤት በምን ይከፍላል? የሚለው ነው።

ይህን የምንናገረው ከሰው ሰምተን አይደለም። ሦስት ሆነን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምረን የኖርን ነን። ሦስት ሆነን ጀመርን ማለታችን ነው፤ በመካከሉ የሆነውን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ስምንተኛ ክፍልን የፈጸምነው በገጠር፥ በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ደወሉ ሲደወል ከቤታችን ደጅ ይሰማ ነበር፤ በዕረፍት ሰዓት ሮጠን ቆሎ ቆንጥረን እንመለሳለን። በሒሳብ ትምህርታችን «አንድ ሰው ሦስት ክፍል ቤት በወር ይህን ያህል ብር ቢያከራይ በዓመት ስንት ብር ያገኛል?» የሚል ጥያቄ እንደ ነበረ ትዝ ይለናል። ሁላችንም አባዝተን በትክክል መለስን። ተከራዩ ያን ብር ከየት እንደሚያመጣው ግን ጥያቄው አልጠየቀም፥ እኛም አልጠየቅንም።

በጳጉሜን ከመካከላችን የአንዱ አጎት እየመሩን ከደጋው ወደ ሚዛን ወረድን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ስንዞር ዋልን። በአንዱ በር «ስንት ናችሁ?» አሉን፤ ሦስት ነን ስንል በሩ ተዘጋ። በሌላው በር «የት ነው የምትሠሩት?» ተባልን፤ ተማሪዎች መሆናችንን ስንናገር ተማሪ ውሃ እንደሚያባክን፥ መብራት እንደማያጠፋ፥ ጓደኛም እንደሚሰበስብ ተነገረን። በሦስተኛው ግን ባለቤቲቱ ደግ ሴት ነበሩና ገና ጉዳያችንን ሳንናገር አስገብተው ቡና አጠጡን፤ ከጠጣን በኋላ ቤቱ ትናንት መያዙን ነገሩን። ለዚያ ቡና እስከ ዛሬ ባለ ዕዳ ነን።

ማታ ላይ አንድ ደላላ አግኝቶን ወደ አንድ ቤት ወሰደን። እንደ ደረስን ሻንጣ የያዙ አንድ ወጣት ሰው በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው፤ እርሳቸውም ያንኑ ቤት ሊያዩ መጥተው ኖሯል። ባለቤቱ አንድ ጊዜ እርሳቸውን አንድ ጊዜ እኛን ተመልክቶ ቤቱን ደመወዝ ላለው ሰው ሰጠ። እኛም በእርሱ ቦታ ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት እኒያ ሰው የፊዚክስ መጽሐፍ ይዘው ወደ ክፍላችን ገቡ! ከሩቅ አገር ተመድበው የሚመጡ መምህራን እንደ እኛው ቤት ፈላጊዎች መሆናቸውን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው። እርሳቸውም አውቀውን ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ በዚያው በተነጠቅነው ቤት፥ በእርሳቸው አምፖል ሥር እናነብ ነበር።

በማግሥቱ ቤት ተገኘ። ግድግዳው የጭቃ ምርጊት፥ ክዳኑ ቆርቆሮ፥ ርዝመቱ በእኛ እርምጃ አራት፥ ስፋቱ ሦስት ነው። አንድ አልጋ ከባለቤቲቱ ተዋስን፤ ሁለታችን በአልጋው ላይ፥ አንዳችን በምድር፥ በየሳምንቱ እየተፈራረቅን ተኛን። የሚዛንን ዝናብ ለማያውቅ እንግዳ እንንገረው። በዚህ አገር ዝናብ የማይጥልበትን ወር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድም አንዱ ጮኾ ቢያነብ አጠገቡ ያለው አይሰማውም። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ሒሳብ እንሠራለን፥ ሲያባራ ታሪክ እናነባለን። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ አገራችን እንወጣለን፤ እሑድ ማታ ጎደሬ፥ ቆጮ፥ የበቆሎ ዱቄትና አፍልተን የምንጠጣውን የቡና ቅጠል ተሸክመን እንመለሳለን። ስንቁ እስከ ረቡዕ ይበቃል፤ ሐሙስ ያሳስባል፤ ዓርብ በባዶ ሆድ ዳገት መውጣት ነው። ይህ ሁሉ ግን ቀላል ነው፤ ወጣቶች ነንና።

ከባዱ ኪራዩ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ በወር 600 ብር ነበረ፤ የእያንዳንዳችን ድርሻ 200 ብር መሆኑ ነው። ሰምቶ ይህ ብዙ አይደለም የሚል ሰው አይጠፋም። እርግጥ ለደመወዝተኛ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ባለቤቲቱ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቁ፤ ደላላውም የድካሙን ፈለገ። ወሩ ጳጉሜን መሆኑን አትርሱብን።

ወላጆቻችን የቡና ገበሬዎች ናቸው። የእኛ አገር ቡና በደጋው በኩል ስለ ሆነ ዘግይቶ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ይቀላል፤ ዋናው ለቀማ ኅዳር ነው። እንግዲህ ጳጉሜንና መስከረም ማለት ያለፈው ዓመት የቡና ብር ያለቀበት፥ የዘንድሮው ቡና ደግሞ ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ የሆነበት ጊዜ ነው። ዕንቁጣጣሽና መስቀልም የሚውሉት በዚሁ መካከል ነው። ደብተርና ጫማ የሚገዛውም በዚሁ ነው። ደመወዝ በወር ይመጣል፥ ኪራይም በወር ይመጣል፤ ሁለቱ እኩል ይራመዳሉ። ቡና ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከቡና ገበሬ ኪስ በየወሩ የሚወጣ ብር መጠየቅ በመጋቢት ወር ከዛፉ ሥር ቅርጫት ይዞ እንደ መቆም ያለ ነው።

ታዲያ ብሩ ከየት መጣ? የአንዳችን አባት ከቡና ሰብሳቢ ዘንድ ተበደሩ። የተዋዋሉትም እሸት ቡናው ሲደርስ በዚያን ቀን ዋጋ ሳይሆን በተበደሩበት ቀን በተነጋገሩት ዋጋ ሊያስረክቡ ነው። ኅዳር ሲደርስ የገበያው ዋጋ ከተነጋገሩት በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። እኛ ሒሳብ ተምረናልና ልዩነቱን በወረቀት ላይ አወጣነው፤ የሦስታችንን የግማሽ ዓመት ኪራይ ይከፍል ነበር። ወረቀቱን ለአባትየው አላሳየናቸውም።

አሥረኛ ክፍል ገብተን በጥቅምት አጋማሽ ባለቤቲቱ ወደ ክፍላችን መጡ። «ልጆቼ፥ ከኅዳር ጀምሮ 900 ብር ነው፤ ካልሆነላችሁ የሚገቡ ሰዎች አሉ» አሉን። ሰዎች እንዳሉ እናውቅ ነበር። ቡና ሲደርስ ለቃሚው፥ ነጋዴው፥ ሾፌሩ ወደዚህ አገር ይጎርፋል፤ በሚዛንም በቴፒም በዚያን ጊዜ ማደሪያ ይወደዳል። «እትዬ፥ እስከ ሰኔ ተነጋግረን ነበርኮ» ብንላቸው በጽሑፍ የተያዘ ነገር አልነበረም። «እኔስ የምበላው ከዚህ አይደለም ወይ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ባላቸው ሞተውባቸው ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ፤ ከዚያች ክፍል ኪራይ በቀር የሚያገኙት ገቢ የላቸውም፤ የዘይቱንና የጤፉን ዋጋ እኛም እናውቃለን። ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀልልን ነበር፤ ተቆጥተን እንወጣ ነበርና።

ጭማሪው ለእያንዳንዳችን 100 ብር ነው። ሁለታችን እንደ ምንም ብለን ከቤት አመጣን። የሦስተኛው አባት ግን በዚያ ዓመት ታመው ቡናቸው በጊዜው አልተለቀመም፥ ብዙውም ከዛፉ ረገፈ። ይህ ጓደኛችን ከሦስታችን በሒሳብ የሚበልጠን ነበር። በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት ፍራሹን ጠቅልሎ «ከገና በኋላ እመለሳለሁ» ብሎን ሄደ። የእኛም ድርሻ በአንድ ጊዜ 450 ብር ሆነብንና ስፍራውን በሌላ ተማሪ እስክንሞላ ድረስ ቁርስ የሚባለውን ነገር ተውን። እርሱ ከገና በኋላ አልተመለሰም። ዘንድሮ በገበያ ቀን አገኘነው። በአንድ ትልቅ የቡና እርሻ ለቀማ ገብቶ እንደሚሠራ፥ በዚያም ለሠራተኞች በተሠራው ቤት እንደሚያድር አጫወተን። ለቃሚ ሲሆን ማደሪያ አገኘ፤ ተማሪ ሳለ ግን አጣ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከእኛ ጋር መቀመጥ የሚገባው ነበር።

ስለ ከተማችን ጥቂት እንበል። ሚዛን ከዚህ ቀደም እንደዚህ ያለ የቤት ፈላጊ ብዛት አልነበረባትም ብለው ሽማግሌዎች ይነግሩናል። በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ ተማሪዎቹ በግቢው ቢያድሩም መምህራኑና ሠራተኞቹ በከተማ ይከራያሉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ሚዛን አማንና ቴፒ ከክልሉ አራት መቀመጫ ከተሞች ሁለቱ ሆኑ፤ ከመሥሪያ ቤቱም ጋር ሠራተኛው መጣ። ይህ ለአገራችን ክብር ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ባለ ደመወዝ ሠራተኛና የጎደሬ ከረጢት የተሸከመ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በአንድ በር ፊት በቆሙ ጊዜ ማን እንደሚገባ ቀደም ብለን ነግረናችኋል።

ትምህርትን ፍለጋ ከቤት ርቆ መሄድ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ከአገር አገር ሲሄድ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ይለምናል፥ ውሻ ያባርረዋል፥ ይራባል፤ የጎጆ ኪራይ የሚጠይቀው ግን የለም። በዘመናዊው ትምህርት መጀመሪያም ይህ ነገር አልተዘነጋም ነበር። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከዚያም በኋላ የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን በአዳሪነት ተቀብሎ ያስተምር ነበር። ያን ጊዜ ተማሪው ጥቂት ነበረ፤ ዛሬ ብዙ ነን፥ ለሁላችንም አልጋ ይዘጋጅልን ማለት እንደማይቻል እናውቃለን። ብቻ አንድ ነገር እንጨምር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ከታላላቆቻችን አንዱ ለፈተናው ገብቶ ሲመለስ «በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ኪራይ ሳላስብ ያደርሁት እነዚያን የፈተና ሌሊቶች ብቻ ነው» ብሎናል።

ሕግስ ምን አደረገ? ቢባል ሁለት ጊዜ ታላቅ ነገር ተደርጓል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠውንም ቤቶች ቀበሌ ያስተዳድር ጀመር። ተከራዩ እፎይ አለ። ነገር ግን በዚያ ትንሽ ኪራይ ጣራ መለወጥ፥ ግድግዳ ማደስ አልተቻለም፤ ለማከራየት ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራም ሰው በዚያ ዘመን አልተገኘም። እኛ እንደሚመስለን ኪራይን በትእዛዝ ዝቅ ማድረግ ብቻውን ቤት አያበዛም።

ሁለተኛው መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፤ ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፥ ተቆጣጣሪው ባስታወቀው መጠን ብቻ ነው። የወጣውም ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ፥ በክልሎችም ክልሉ ለሚወስናቸው ከተሞች ነው። ባነበብነው ጊዜ «ይህ በአሥረኛ ክፍል በጥቅምት ወር ቢኖረን!» አልን። ሆኖም ሁለት ነገር አየንበት። አንደኛ፥ በዘጠነኛ ክፍል ያለ ልጅ 18 ዓመት ስላልሞላው በራሱ ስም መዋዋል አይችልም፤ አባቱ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው በማሳ ላይ ናቸው። ሁለተኛ፥ አዋጁ ኪራይን የሚያስበው በወር ነው፤ ይህም ለከተማ ሰው ልክ ነው። ቡናን የሚያስብ ሕግ ግን ከእኛው ከዚህ አገር ሰዎች ካልመጣ ከወዴትም አይመጣም።

ስለ እኅቶቻችን ሳንናገር ብናልፍ በደል ይሆናል። ለሴት ልጅ ክፍል ሲፈለግ አባት አስቀድመው የሚመለከቱት የበሩን ቁልፍ ነው፤ ቀጥሎ መጸዳጃው በሌሊት ስንት እርምጃ እንደሚርቅ። ብዙ ጊዜ ተመልሰው ይሄዱና ልጅቱን ከዘመድ ቤት ያስገቧታል። «በነጻ ነው የምታድረው» ይባላል። ጠዋት ጀሪካን ይዛ ውሃ ትቀዳለች፥ ማታ ትጋግራለች፥ ሕፃን ታዝላለች፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደብተሯን ስትገልጥ እንቅልፍ ይወስዳታል። ይህችን ልጅ በነጻ ታድራለች ማለት አይገባም። የክፍላችን ልጃገረዶች ይህን በንግግራችን እንድናስገባ አጥብቀው ነግረውናልና፥ የሚሰሙን አክስቶችና አጎቶች አይቀየሙን።

አሁን የምንለምነውን እንናገር። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ኪራይ ባለ ቤቱ ይታገሥ፤ ለትዕግሥቱም ትምህርት ቤታችንና የወላጅና መምህር ኅብረት በደብዳቤ ዋስ ይሁኑ። ውሉን አባት ወይም እናት ለምዝገባ በመጡ ቀን እዚሁ ትምህርት ቤት ይፈርሙ፤ በውሉም ኪራዩ እስከ ሰኔ እንዳይለወጥ ይጻፍ። ወላጅ በኅዳር ቡናውን በገበያው ዋጋ ሲሸጥ ያለፈውን ከፍሎ፥ የቀረውን የዓመቱን ኪራይ በልጁ ስም ባንክ ያስቀምጥ፤ ከዚያ በየወሩ ይከፈል። ባለ ቤቱ የሦስት ወር ትዕግሥት ሰጥቶ ያለ ደላላ የሚመጣ፥ አሥር ወር የማይናወጥ ተከራይ ያገኛል፤ አባትም ቡናውን በአረንጓዴው አይሸጥም። ለእኅቶቻችን ግን ይህ አይበቃም። እንጨቱን ከገጠር ወላጆች፥ ቆርቆሮውን ከከተማ ወላጆች አግኝተን በደቦ ብንሠራ ስምንት አልጋ የሚይዝ ቤት በአንድ በጋ ይቆማል። የዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ወንዶች ጭቃውን ለመርገጥ ቃል ገብተናል። ከፈተናው በፊት ይሁን እንጂ፤ ከፈተናው በኋላ እንበተናለን።

ይህን ሐሳብ ወደዚህ መድረክ ሳናመጣው በፊት ለቤታችን ባለቤት አነበብንላቸው። ዛሬም ከእርሳቸው ዘንድ ነን፤ ኪራዩ 1,200 ብር ሆኗል። ቡና እያፈሉ እስከ መጨረሻው ሰሙንና «ልጆቼ፥ ቡናው ባይይዝስ? ቢይዝስ፥ ዋጋው ቢወድቅ? እኔ እስከ ኅዳር ምን በልቼ እጠብቃለሁ?» አሉን። ሦስታችን እርስ በርሳችን ተያየን። የሚመለስ መልስ አልነበረንም፤ እስከ ዛሬም አላገኘንለትም። ስለዚህ ጥያቄያቸውን በራሳቸው ቃል ጽፈን ከልመናችን ጋር ለወላጅና መምህር ኅብረት ሊቀ መንበር ሰጥተናል።

ከዚህ ስትወጡ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አንድ ጠረጴዛ፥ በላዩም አንድ ደብተር ታገኛላችሁ። በከተማ ክፍል ቤት ኖሯችሁ እስከ ኅዳር ልትታገሡ የምትችሉ ስማችሁን በቀኙ ገጽ ጻፉልን። የገጠር ወላጆች ደግሞ በግራው ገጽ ቡናችሁ በየትኛው ወር እንደሚደርስ ጻፉ፤ መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ከእኛ አንዱ በዚያ ተቀምጦ ይጽፍላችኋል። እስክሪብቶውን ግን አደራ፥ እዚያው ተዉት፤ የተዋስነው ነው።